ፕላስቲኩ የተሸከመው

ጋስተን ግሎክ ሽጉጥ ሊሠራ ሲነሣ ሙያው የመጋረጃ ዘንግ፣ የወታደር ጩቤና አካፋ ነበር። ከቪየና ወጣ ብላ በምትገኘው ዶይች ቫግራም እ.ኤ.አ. በ1963 ያቋቋመው ድርጅት (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ብረትን ከፕላስቲክ ጋር ማዋሐድ ያውቅበታል እንጂ ሽጉጥ ሠርቶ አያውቅም። የኦስትሪያ ጦር በ1980 ያረጀውን ዋልተር ፒ38 የሚተካ ሽጉጥ ሲፈልግ፣ ስመ ጥር አምራቾች በተሰለፉበት ውድድር ይህ ሰው ገባ፤ በ1982 አሸነፈ። ጦሩም ግሎክ 17ን ፒ80 የሚል መለያ ሰጥቶ 25,000 አዘዘ። የሽጉጡ የታችኛው አካል፣ እጀታውን ጨምሮ፣ ከናይለን ወገን የሆነ ፖሊመር ነበር። ሐሳቡ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም፤ የአሜሪካው ሬሚንግተን በ1959 ሰደፉና አካሉ ናይለን የሆነ ጠመንጃ አውጥቷል፣ የጀርመኑ ሄክለር ኡንድ ኮህም በ1970 ቪፒ70 የተባለውን የፖሊመር ሽጉጥ አቅርቦ ብዙ ገዢ ሳያገኝ ቀርቷል። ገበያውን የገለበጠው ግን ኦስትሪያዊው ነው። ከሽጉጡም ጋር እስከ ዛሬ የማይለቀው አንድ ጥርጣሬ አብሮት መጣ፤ ፕላስቲክ ስንት ዓመት ይቆያል?

ጥርጣሬው መጀመሪያ የወጣው ግን በሌላ መልክ ነው። በ1986 መጀመሪያ ላይ የዋሽንግተን ፖስት አምደኛ ጃክ አንደርሰን የሊቢያው መሪ ጋዳፊ ይህን የኦስትሪያ ሽጉጥ ሊገዛ እየተደራደረ ነው ብሎ ጻፈ፤ ፕላስቲክ የአውሮፕላን ማረፊያ መመርመሪያን ያልፋል የሚል ፍርሃትም አገር ምድሩን አዳረሰ። ነገሩ የአሜሪካ ምክር ቤት ደረሰና በ1988 ማንኛውም ሽጉጥ ቢያንስ 105 ግራም ገደማ የሚመዝን ብረት ያህል በመመርመሪያው እንዲታይ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ሕጉ ግሎክን አልነካውም፤ ከክብደቱ ከአምስት እጅ አራቱ ያህል ብረት ስለሆነ። ሆሊውድ ይህን ሁሉ ሳይሰማ በ1990 «ዳይ ሃርድ 2» ላይ በመመርመሪያ የማይታይ፣ ከሸክላ የተሠራ ግሎክ ፈጥሮ አሳየ፤ እንዲህ ያለ ሽጉጥ ኖሮ አያውቅም። መመርመሪያውን ያልፋል ብለው የፈሩትና ቶሎ ይሰነጠቃል ብለው የተጠራጠሩት ሰዎች የተሳሳቱት በአንድ ነገር ነው፤ ሽጉጡን ከላይ እስከ ታች ፕላስቲክ አድርገው አስበውታል። እኔ የምለው የሚከተለው ነው። ፕላስቲኩ ለባለቤቱ ዕድሜ ከበቂ በላይ ይቆያል፤ የሽጉጡን ዕድሜ የሚወስኑት ሌሎች ክፍሎች ናቸው። ፖሊመር በእርግጥ የለወጠው ሽጉጡ ሲጎዳ ማን ያድነዋል የሚለውን ነው፣ ባለቤቶች ሊጠይቁት የሚገባውም ይኸኛውን ነው።

ጉዳዩን ለማየት ጥይት ሲተኮስ ኃይሉ በየት በየት እንደሚሄድ መከተል ይበቃል። ባሩዱ ሲቀጣጠል የሚፈጠረውን ግፊት የሚችሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ቀለሁ፣ አፈሙዙና ከላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚመላለሰው ስላይድ የሚባለው ብረት። አፈሙዙና ስላይዱ በዚያች ቅጽበት ተቆላልፈው አብረው ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ ጥይቱ ከወጣና ግፊቱ ከወረደ በኋላ አፈሙዙ ዝቅ ብሎ ይላቀቅና ስላይዱ ብቻውን ጉዞውን ይቀጥላል። አፈሙዙን ጎትቶ የሚያላቅቀው በአካሉ ውስጥ የተቀመጠ የብረት ማቆሚያ ነው። ስላይዱ የሚንሸራተትባቸው አራት አጫጭር ሐዲዶችም ፕላስቲኩ በፎርማ ሲፈስ አብረው የተቀበሩ ብረቶች ናቸው። ስለዚህ ብረት የሚፋተገው ከብረት ጋር ነው፤ ፕላስቲኩ ባሩዱን አያየውም። ለፕላስቲኩ የሚደርሰው በሞላ ከለዘበ በኋላ የሚመጣው የስላይዱ ምት፣ በማቆሚያው ፒኖች በኩል የሚተላለፈው ግፊትና የተኳሹ እጅ ጭምቂያ ነው። በፍጥነት የተቀረጹ ፊልሞች በእያንዳንዱ ተኩስ ይህ አካል ሲለጠጥና ሲመለስ ያሳያሉ። ላላወቀ ሰው ያስደነግጣል፤ ነገር ግን መለጠጡ ምቱን በሰፊ ቦታና በረዘመ ጊዜ ስለሚበትነው ለዕድሜው ይበጀዋል። አሉሚኒየም በዚህ ረገድ የባሰ ነው፤ ጭነቱ ትንሽ እንኳ ቢሆን ከተደጋገመ ድካሙ እየተጠራቀመ በመጨረሻ ስንጥቅ ይወልዳል። የአሉሚኒየም አካል ያላቸውን ሽጉጦች ግን «ይሰበር ይሆን» ብሎ የሚጠይቅ ብዙም አይሰማም፤ አሉሚኒየም ሲነኩት ይቀዘቅዛላ!

ናይለን ራሱም ሰዎች በአእምሯቸው ከሚስሉት የፕላስቲክ ወንበር የራቀ ቁስ ነው። ናይለን 6 የሚባለው ዓይነት የሚቀልጠው በ220 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ በፀሐይ የዋለ የተዘጋ መኪና ውስጡ ምን ቢግል ወደዚያ አይጠጋም። ብዙ አምራቾች ዘንድ ደግሞ የብርጭቆ ክር ይቀላቀልበታል፤ ክሩ ሲሞቅ እንዳይለሰልስ፣ ሲጫኑት እንዳይጎብጥ አጥንት ይሆነዋል። ናይለን ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ይህ ጉድለት ይመስላል፣ ግን እንደ ጠፍር ነው፤ ፈጽሞ ሲደርቅ ይሰባበራል፣ ጥቂት እርጥበት ሲያገኝ እሺ ባይ ይሆናል። ፀሐይ ሌላ ነገር ናት። የፀሐይ ጨረር ያልተጠበቀ ናይለንን ቀስ በቀስ ይበላዋል፣ ላዩን አመድ ያስመስለዋል። እዚህ ላይ ነው ጥቁርነቱ ከማማር ያለፈ ሥራ የሚሠራው፤ ከውስጡ የተቀላቀለው የካርቦን ጥላሸት ጨረሩን ላይ ላዩን ይዞ ያስቀረዋል። ዘይት፣ ቤንዚንና የተለመዱት የመሣሪያ ማጽጃ ፈሳሾች ናይለንን አይጎዱትም። የሚጎዱት ብርቱ አሲድና በረኪና ናቸው፤ እነዚህ ደግሞ ከፕላስቲኩ በፊት ብረቱን ይበላሉ። ዝገትማ ለፕላስቲኩ ጭራሽ አይታሰብም። ላብ በሚያዘንብ ወገብ ላይ ቀኑን ሙሉ ሽጉጥ የሚታጠቅ ፖሊስ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ እርሱ የሚያሳስበው የማነጣጠሪያው ብሎኖችና የካዝናው ሞላ ናቸው።

ማስረጃ ሲባል ግን የባለቤቶችን ምስክርነት በጥንቃቄ መመዘን ያስፈልጋል። «ሽጉጤን ሃያ ዓመት ይዤዋለሁ፣ ምንም አልሆነም» የሚል ሰው በእነዚያ ሃያ ዓመታት የተኮሰው 500 ጥይት ከሆነ፣ የመሰከረው ስለ መሳቢያው ነው እንጂ ስለ ሽጉጡ አይደለም። ሰው ገንዘቡን ያወጣበትን ዕቃ ማመስገንም ይወዳል። ከዚህ የሚሻለው ጠላት ሆኖ የሚፈትን ፈተና ነው። የኦስትሪያ ጦር መስፈርት በመጀመሪያዎቹ 10,000 ተኩሶች ከ20 በላይ እንከን አይፈቅድም ነበር፤ ጥይት መንከስም ሆነ ሌላ ቀላል እንቅፋት ተቆጥሮ። ከ15,000 ተኩስ በኋላ ሽጉጡ ተፈትቶ መበላቱ ይመረመራል፤ ከዚያም 5,000 ባር ግፊት የሚፈጥር ጥይት ይተኮስበታል፣ ይህም የኔቶ 9 ሚሊ ሜትር ጥይት ከሚፈቀድለት ከፍተኛ ግፊት እጥፍ ያህል ነው። ከዚያ ሁሉ በኋላ ዋና ዋና ክፍሎቹ ከልካቸው ሳይወጡ መሥራት አለባቸው። ኖርዌይ በ1985፣ ስዊድን በ1988 ተከተሉ፤ የእነርሱ ክረምት ፕላስቲክ በብርድ ይሰበራል ለሚለው ስጋት ከማንኛውም ቤተ ሙከራ የተሻለ መልስ ሰጪ ነው። ብሪታንያ በ2013 የብረቱን ብራውኒንግ አውርዳ ከ25,000 በላይ ግሎክ 17 ስትገዛ ሽጉጡ ሠላሳ ዓመት አልፎት ነበር፣ የተደበቀ ነውር ቢኖረው እስከዚያ ባልተሰወረ።

ከስኬቱ ይልቅ የሚያስተምሩት ግን ስብራቶቹ ናቸው። የአሜሪካ ጦር በ1985 የመረጠው ቤሬታ አካሉ አሉሚኒየም፣ ስላይዱ ብረት ነው፤ ፕላስቲክ የለበትም ማለት ይቻላል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ የአንዳንዶቹ ስላይድ ተሰብሮ ወደ ኋላ በመፈናጠር የባሕር ኃይል ተዋጊዎችን ፊት አቆሰለ። ጥፋቱ የብረቱ ነው ወይስ ከልክ በላይ ግፊት የነበረው ጥይት የሚለው ብዙ አከራከረ፤ አምራቹም የተሰበረ ስላይድ እንዳይወጣ የሚያስቀር ለውጥ አደረገ። ግሎክን ራሱን ብንወስድ ከ2001 መገባደጃ እስከ 2002 አጋማሽ ከተሠሩት ጥቂቶቹ ላይ ችግር ታይቶ ኩባንያው አካላቸውን ቀይሮላቸዋል። የተሰበረው ምን ነበር? የኋላው ሐዲድ፣ ማለትም በፕላስቲኩ ውስጥ የተቀበረው ብረት። በ2011 ደግሞ የአራተኛው ትውልድ ሽጉጦች ላይ መለወጥ ያስፈለገው ስላይዱን የሚመልሰው ሞላ ነው። በ1990 የመጣው .40 ካሊበር ጥይት ከ9 ሚሊ ሜትሩ ይልቅ የሚራገጥ ስለሆነ፣ ለ9 ሚሊ ሜትር ታስቦ የተሠራው አካል የማቆሚያውን ጫና የሚጋራ ተጨማሪ ፒን አስፈልጎታል፤ ፒኑ በኋላ ወደ 9 ሚሊ ሜትሮቹም ተዛምቶ በ2017 በወጣው አምስተኛ ትውልድ ላይ ከእነርሱ ተነሣ። እነዚህ ሁሉ አንድ ነገር ያሳያሉ። ድካሙ የሚታየው ብረት ከብረት በሚገናኝበት፣ ወይም ብረቱ ጭነቱን ለፕላስቲኩ በሚያስረክብበት ቦታ ነው፤ ሰው የሚፈራው ሰፊው ጥቁር አካል ከዚያ በብዙ ርቀት ወደ ኋላ ይመጣል።

ይህ ለባለቤቱ ወደ ገንዘብ ሲተረጎም ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በአሜሪካ አንድ አዲስ ግሎክ ከ500 እስከ 600 ዶላር ያወጣል። አንድ የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት 25 ሳንቲም ገደማ ነው ብንል 10,000 ጥይት 2,500 ዶላር ይሆናል፤ ሽጉጡን አራት ጊዜ መልሶ ይገዛል። ስለዚህ ሽጉጡን ተኩሶ የሚጨርስ ሰው ገና ሽጉጡ ሳያልቅ ኪሱ ያልቃል። በመንገዱ ላይ የሚያረጁት ርካሽ ነገሮች ናቸው፤ የስላይዱ ሞላ በየጥቂት ሺህ ተኩሱ፣ የካዝናው ሞላ፣ ቀለሁን የሚያወጣው ጥፍር። ፋብሪካው የሚገጥመው የፕላስቲክ ማነጣጠሪያ ከአፎቱ ጋር እየተፋተገ ጫፉ ይደበዝዛል (በዚህ ላይ የሚቀርበው ስሞታ ትክክል ነው፤ በዚያ ዋጋ የብረት ማነጣጠሪያ መግጠም አያቅትም ነበር)። በጨለማ የሚያበራ ማነጣጠሪያ የገዛ ሰው ደግሞ ሌላ ሰዓት እየቆጠረበት ነው፤ ብርሃኑ የሚመጣበት ትሪቲየም በ12.3 ዓመት ግማሹ ያልቃል፣ ተተኮሰም አልተተኮሰም። ፕላስቲኩ በእርግጥ ጸባዩን ያሳየበት ቦታ ቢኖር ካዝናው ነው። የመጀመሪያዎቹ የግሎክ ካዝናዎች የብረት ሽፋናቸው ሙሉ ስላልነበረ ጥይት ሲሞላባቸው ያብጡ ነበር፤ ቁልፉ ሲነካ በራሳቸው ወድቀው ስለማይወርዱ በእጅ መጎተት ነበረባቸው። ያለማቋረጥ በሞላ የሚገፋ ፕላስቲክ ቀስ እያለ ቅርጹን ይለቃል፤ የኋለኞቹ ካዝናዎች ውስጣቸው ዙሪያውን በብረት የተለበጠው ለዚህ ነው።

የሚጠነክረው ተቃውሞ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል። ጥይቱ ከልክ በላይ ባሩድ ከተሞላ ወይም ቀለሁ ደክሞ ከተቀደደ፣ የሚያመልጠው ጋዝ ወደ ታች ወርዶ ካዝናውን ያስፈነጥራል፣ የፖሊመሩንም አካል ያሳብጣል ወይም ይሰነጥቃል። በዚህ ጊዜ የብረት አካል ያለው ሽጉጥ ካዝናውና የእጀታው ልባጥ ተቀይሮለት ሊተርፍ ይችላል፤ ፖሊመሩ ግን አይተርፍም። ይህ እውነት ነው፣ መካድም አያስፈልግም። ነገር ግን መጀመሪያ ያጠፋው ጥይቱ ነው፤ እንዲህ ያለው አደጋ በብዛት የሚደርሰው በቤት ውስጥ ተመልሶ በተሞላ ጥይት ነው፣ አምራቾችም ይህን ዓይነት ጥይት እንዳትጠቀሙ ብለው በመመሪያቸው ይጽፋሉ። ሌላው የፖሊመር ጠላት ባለቤቱ ራሱ ነው። እጀታው እንዳያዳልጥ በጋለ ብረት እየወጉ ማሻከር በአሜሪካ ተኳሾች ዘንድ ፋሽን ሆኗል፤ የሠለጠነ እጅ ሲሠራው ያምራል፣ ያልሠለጠነው ግን ግድግዳውን ያሳሳዋል፣ የፋብሪካውንም ዋስትና ያሳጣል። አርባ ዓመት የተኩስ ምት ያልበገረውን ነገር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይጨርሰዋል።

«መቶ ዓመትስ?» የሚለው ጥያቄ ይቀራል። የብረትና የእንጨት መሣሪያ መቶ ዓመት እንደሚቆይ የእኛ አገር ሰው ማስረጃ አይጠይቅም፤ የ1874ቱ የፈረንሳይ ሥራ ውጅግራ ዓድዋ ላይ ተተኩሶበት ከዚያ በኋላ ለልጅ ልጅ ተላልፏል። የአሜሪካ ጦርም የመጨረሻዎቹን ኮልት 1911 ሽጉጦች ያዘዘው በ1945 ሆኖ ሳለ እስከ 1985 ዋና ሽጉጡ አድርጎ ይዞታል። እነዚህ መሣሪያዎች የቆዩት ግን ባለመሰበር አይደለም። ተሰብረዋል፣ ተበልተዋል፣ ልል ሆነዋል፤ የቆዩት ሰው ስለጠገናቸው ነው። የጦሩ ግምጃ ቤት 1911ዱን እየፈታ አፈሙዙን፣ ሞላውን፣ ፒኑን ሲቀይር፣ የላላውን ሲያጠብቅ ኖሯል፤ የተሰነጠቀ የብረት አካል በያጅና ቶርኖ ያለው ባለሙያ ካገኘ ይድናል። የመቶ ዓመት ዕድሜ ስንል የምናወራው ስለ ብረቱ ብቻ ሳይሆን በየመንደሩ ስለነበረው አንጥረኛ ጭምር ነው። በዚህ መለኪያ ፖሊመር ድሃ ነው። ሐዲዱ ከተቀበረበት የተላቀቀ ግሎክ አይበየድም፣ አይጠገንም። ሐዲዱ ብቻውን አይሸጥም፣ አካሉም በሕግ ሽጉጡ ራሱ ነው፤ የመለያ ቁጥሩ ከአፈሙዙ በታች በፕላስቲኩ ውስጥ በተቀበረች የብረት ሰሌዳ ላይ ተቀርጿል። ስለዚህ ባለቤቱ ማድረግ የሚችለው ወደ ፋብሪካው መላክ ብቻ ነው። ፋብሪካው እስካለ፣ እስከፈቀደና ባለቤቱ የሚኖርበት አገር ሕግ መላኩን እስካልከለከለ ድረስ ሽጉጡ አይሞትም፤ ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሞላና ጥፍር መቀየር የሚችል መንደርተኛ ባለሙያ ምንም ሊያደርግለት አይችልም። ያለመሰበርና የመጠገን ጸጋ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የፖሊመር ሽጉጥ የመጀመሪያውን አብዝቶ ሰጥቶ ሁለተኛውን ከባለቤቱ እጅ ወስዷል። ለአብዛኛው ገዢ ንግዱ ያዋጣል ብዬ አምናለሁ። ባዶው ግሎክ 17 ያለ ካዝናው 630 ግራም ገደማ ነው፤ ወደ 1.1 ኪሎ የሚጠጋውን 1911 ቀኑን ሙሉ የታጠቀ ወገብ ልዩነቱን ይናገራል። ለልጅ ልጁ ሊያወርስ የሚገዛ ሰው ግን ምን እየገዛ እንደሆነ ቢያውቅ ይሻላል።

ይህን ችግር በሌላ መንገድ የፈታው፣ የአሜሪካ ጦር በጥር 2017 ቤሬታን እንዲተካ የመረጠው ሲግ ሳወር ፒ320 ነው፤ ውሉ በ10 ዓመት እስከ 580 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ነበር። ይህም ሽጉጥ እንከን ሳይነካው አልቀረም፤ በዚያው ዓመት ሲወድቅ ሊተኩስ እንደሚችል ታውቆ ኩባንያው ለሲቪሎቹ ማስተካከያ አቅርቧል፣ የተቀየሩትም የቃታው አሠራር ክፍሎች ናቸው እንጂ ፕላስቲኩ አይደለም። እዚህ የሚያገባን ግን አወቃቀሩ ነው። ሐዲዶቹ፣ ቃታውና አሠራሩ በሙሉ በአንድ የብረት ሳጥን ውስጥ ተሰብስበዋል፤ የመለያ ቁጥሩ ያለው በዚያ ብረት ላይ ነው፣ በአሜሪካ ሕግም ሽጉጥ የሚባለው እርሱ ብቻ ነው። ዙሪያውን የሚያለብሰው የፖሊመር እጀታ መለዋወጫ ሆነ፤ ያለ ምዝገባ ይሸጣል፣ ለትንሽ እጅ ትንሹን ለትልቅ እጅ ትልቁን መርጦ ብረቱን በጣቶች ግፊት ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ይቻላል። ግሎኩን በጋለ ብረት ወግቶ ያበላሸ ሰው ያበላሸው ሽጉጡን ነው፤ የፒ320 ባለቤት ያንኑ ቢሠራ ኪሳራው አንድ እጀታ ነው፣ 50 ዶላር አካባቢ።